ጄቱን ራስዎ ይቀይሩ ወይስ ለጋራዥ ይክፈሉ? የደሴና የኮምቦልቻ ሞተረኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ከፒያሳ ተነሥቶ በዶሮ መዝለያ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚሄድ ሠራተኛ ቁርሱ ሳይረጋለት 650 ሜትር ያህል ወርዷል፤ ማታ ያንኑ መልሶ ይወጣዋል። ሞተር ሳይክሉ ዳገቱ ላይ የታፈነበት ሰው «ካርቡሬተሩ ለደጋ አልተሠራም፤ ጄቱ ይቀየር» የሚል ምክር መስማቱ አይቀርም። ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ «ራሴ ልፍታው ወይስ ልክፈል?» የሚለው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ በችኮላ ይመለሳል። ሰው የኪሱንና የእጁን ነገር ያሰላል፤ የበሽታውን ነገር አያሰላም።

ጄት የምትባለው አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው ዕቃ፣ በካርቡሬተሩ፣ የቤንዚን ጎድጓዳ ውስጥ የምትታሰር፣ መካከሏ በልክ የተበሳ ትንሽ የናስ ቡሎን ናት። ቀዳዳዋ ሲሰፋ ቤንዚን ይበዛል፤ ሲጠብ ያንሳል። ካርቡሬተር የሚገባውን አየር በይዘቱ እንጂ በክብደቱ ስለማይመጥን፣ አየሩ በሳሳበት ደጋ ላይ ለቆላ የተለካ ቀዳዳ ቤንዚን ያበዛል። ነገሩ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በሽታው ሳይታወቅ ጄቱን መክሰስ

ከሁሉም የሚከፋውና ከሁሉም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ባለቤቱ ከፍታውን ይወቅሳል። ነገር ግን ያው ሞተር ሳይክል አምና በዚሁ ደሴ፣ በዚሁ ጄት፣ ያለ ችግር ይሄድ ከነበረ ቶሳ ተራራ በዓመት ውስጥ ከፍ አላለም። አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው፤ የተለወጠውም ጄቱ አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ያውጡ። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ አየር ስለሚነፍግ የሚሰጠው ምልክት ትልቅ ጄት ከሚሰጠው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጥርጊያ መንገድ የሚያዘወትር ሰው ማጣሪያውን አስፋልት ላይ ብቻ ከሚነዳው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ማየት አለበት። ቀጥሎ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለውን ጎማ ይመልከቱ። ከተሰነጠቀ ያልተመጠነ አየር ያስገባል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሞተሩ ቤንዚን ያነሰው ይመስላል፣ ሚኒሞውም (እጀታው ሳይዞር ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አይረጋም። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ስንጥቁ ላይ ጥቂት ውኃ ሲረጩ ድምፁ ከተለወጠ ሌባው ተገኝቷል። ለዚህ ፍተሻ ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አሉ፤ ከጋለ ሞተር አጠገብ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው።

ከዚያ የካንዴላው (የእሳት መለኮሻው) ጫፎች ርቀት፣ የቫልቭ ክፍተት፣ በጎድጓዳው ውስጥ ቤንዚን ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ከፍታ ይታያሉ። ተንሳፋፊው ከልኩ በላይ ቤንዚን ካስገባ የትኛውም ጄት አይረዳም።

ቤንዚኑንም አይርሱ። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን የሚቀዳ ሰው ውኃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ሊገጥመው ይችላል። እንዲህ ያለ ቤንዚን የሞላበት ሞተር ሲያስነጥስና ሲንተፋተፍ ጄት መቀየር የገንዘብ ብክነት ነው። የካርቡሬተሩን ጎድጓዳ የታችኛውን ማፍሰሻ ቡሎን ፈታ አድርገው ጥቂቱን በብርጭቆ ይቅዱ። ውኃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይታያል።

ይህ ፍተሻ በአብዛኛው ልዩ ሙያ አይጠይቅም። ስለዚህ «ራሴ ወይስ ጋራዥ» የሚለው ጥያቄ እስከዚህ ድረስ ገና አልተነሣም፤ እስከዚህ ያለውን ሁሉም ባለ ሞተር ራሱ ቢሠራው ይሻላል። ብዙው ሰው ከዚህ አልፎ ጄት ጋ አይደርስም የሚል እምነት አለኝ።

ጄት የተወሰደውን ጉልበት ይመልሳል ብሎ መጠበቅ

አይመልስም። ደሴ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ነውና አየሩ ሲቀንስ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ሲሸጥ 12 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር ደሴ ላይ 9 ያህል ይሰጣል ብሎ ማሰብ ስህተት አይደለም። ጄቱ በትክክል ቢለካ የሚመለሰው በተበላሸ ውሕደት የጠፋው ጥቂቱ ነው፤ ጭሱ ይጠፋል፣ ፍጆታው ይስተካከላል፣ ካንዴላው አይጠቁርም። ዳገቱ ግን ዳገት ሆኖ ይቀራል።

ሁልጊዜ ሁለት ሰውና ጆንያ ጭኖ ለሚወጣ ሰው የሚሻለው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የፊተኛውን ጥርስ በአንድ ያነሰ ማድረግ ነው። ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፣ የመጎተት ጉልበት ይጨምራል። ይህን ለሚጠይቅ ሰው ጄት መሸጥ ደግሞ የመካኒኩ ስህተት ነው።

የትኛው ጄት ምን እንደሚሠራ አለመለየት

ካርቡሬተር ውስጥ ያለው ጄት አንድ አይደለም። ከሚኒሞ ጀምሮ የነዳጅ መስጫው እጀታ እስከ ሩብ እስኪዞር ድረስ የሚያዘው ትንሹ የሚኒሞ ጄትና በውጭ በኩል ያለችው ማስተካከያ ብሎን ናቸው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ባለው የምታዘው ከላይ ወደ ታች የተንጠለጠለችው መርፌ ናት። ዋናው ጄት ሙሉ ሥልጣን የሚይዘው ከሦስት አራተኛ በላይ ሲዞር ነው።

አሁን የራስዎን መንገድ ያስቡ። ከሰኞ ገበያ እስከ መናፈሻ ሰውና ባጃጅ እየሸሸ የሚሄድ ሰው እጀታውን ከሩብ በላይ የሚያዞርበት ጊዜ ስንት ነው? ጥቂት ነው። የእርሱ ችግር ከተማ ውስጥ መንተፋተፍ ከሆነ ዋናውን ጄት አሥር ጊዜ ቢቀይር ለውጥ አያይም። በአንጻሩ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ጭኖ በሙሉ እጀታ የሚወጣው ሰው ቅሬታ በቀጥታ ዋናውን ጄት ይመለከታል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት እጀታው ላይና መያዣው ላይ ትንሽ ምልክት ማድረግና ችግሩ ስንት ላይ እንደሚጀምር ማየት ያስፈልጋል። ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ ብቻ ቢለይ ይበቃል።

መርፌዋ ራስዋ ላይ የምትታሰርባቸው ትናንሽ ቦዮች ካሏት፣ ማያዣዋን አንድ ቦይ ወደ ላይ ሲያደርጉ መርፌዋ ዝቅ ብላ ቤንዚን ይቀንሳል። ወደ ታች ሲያደርጉ ይጨምራል። ይህ ምንም ዕቃ ሳይገዛ የሚሠራ ማስተካከያ ነው፤ ግን ብዙ ሰው ገበያ ወጥቶ ጄት ከገዛ በኋላ ነው የሚያስታውሰው።

ማስተካከያዋን ብሎን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ብሎኗ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች የምትመጥነው አየርን ነው፤ ወደ ውጭ ሲፈቷት ቤንዚኑ ያንሳል። በሞተሩ በኩል ከሆነች የምትመጥነው ቤንዚንን ነው፤ ሲፈቷት ቤንዚኑ ይበዛል። የጓደኛው ሞተር ላይ የሠራውን የራሱ ላይ የሚደግም ሰው በዚህ ምክንያት ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል። ከመንካትዎ በፊት ወደ ውስጥ ቀስ ብለው እያጠበቁ እስክትቆም ድረስ ስንት ዙር እንደሄደች ይቁጠሩና ይጻፉት። ስትቆም አያስጨንቋት፤ ጫፏም የምትቀመጥበትም ቦታ ለስላሳ ነው።

ለደሴ ብቻ መለካት

ይህ ስህተት ሞተር ያስነክሳል። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ያጨሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ኪስ ይጎዳል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ግን ይግላል። በሙሉ እጀታ ለረጅም ጊዜ ከተነዳ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ሁለቱ ጥፋቶች እኩል አይደሉም፤ ሲጠራጠሩ ወደ መብዛቱ ማዘንበል የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ደሴ ላይ ተስተካክሎ፣ ምናልባትም ከደሴ ከፍ ብሎ እንደ ጉጉፍቱ ባለ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ተፈትኖ፣ «አሁን ጥሩ ሆነ» የተባለ ሞተር ቅዳሜ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ባቲ ቢወርድ ምን ይሆናል? ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። አየሩ ወፍሯል፣ ቤንዚኑ እዚያው የደጋው ልክ ላይ ቀርቷል። ሜዳው ላይ እጀታውን ሞልቶ የሚነዳ ሰው ሞተሩን እያቃጠለ መሆኑን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጎዳቱ በፊት ቀለል ብሎ፣ ፈጠን ብሎ የሚሄድ ሊመስል ይችላልና።

ስለዚህ ጄት የሚመረጠው አዘውትረው በሙሉ እጀታ ከሚነዱበት ቦታ ሁሉ ዝቅተኛው ላይ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለስ ሰው ልኩ ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ላይ ትንሽ ይበዛበታል፤ ይብዛበት። ልዩነቱም የሚፈራውን ያህል አይደለም። የኮምቦልቻ አየር ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 83 በመቶ ያህል፣ የደሴው 78 በመቶ ያህል ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚስበው ኃይልም አየሩ ሲሳሳ አብሮ ስለሚቀንስ ከስህተቱ ግማሽ ያህሉ በራሱ ይታረማል። የሚቀረው የቤንዚን ልዩነት 3 በመቶ ገደማ ነው፤ የአንድ ጄት ቁጥር እርምጃ ያህል ማለት ነው። ከባሕር ወለል ወደ ደሴ ሲሆን ግን 13 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ለቆላ ተለክቶ የመጣ ካርቡሬተር ደሴ ላይ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። በየሳምንቱ ባቲ የሰኞ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ ደግሞ ልኩን በባቲ ያድርግ።

በአየር እየተሳበ የሚነሣ ስስ የጎማ ሽፋን ያለው ካርቡሬተር የከፍታን ለውጥ ከተራው በተሻለ ይቋቋማል። የእርስዎ እንዲህ ያለ ከሆነና ችግር ካሳየ ሽፋኑ ተቀድዶ እንደሆነ ይዩ፤ ጄቱ በኋላ ይደርሳል።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት

«100 ቁጥር አለህ?» ብሎ መግዛት አይበቃም። በኬሂን ካርቡሬተር ዋና ጄት ላይ ያለው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚያሳይ ነው፤ 100 ማለት 1 ሚሊ ሜትር። በሌላው የካርቡሬተር ሠሪ በሚኩኒ የተለመዱት ዋና ጄቶች ላይ ያለው ቁጥር ግን በደቂቃ የሚያልፈውን የቤንዚን መጠን የሚመለከት ነው። ሁለቱ 100ዎች አንድ አይደሉም። የጥርሱ ውፍረትና የአናቱ ቅርጽም ይለያያል። አሮጌውን ጄት ይዘው ሄደው ጎን ለጎን እያስተያዩ ይግዙ፤ ቁጥሩ ሳይጻፍበት በቅርጽ ብቻ የሚሸጠውን ይተዉት።

የቀዳዳ ስፋት በሚለካበት ቁጥር ላይ ትንሽ ለውጥ ብዙ እንደሚያመጣም ይታሰብ፤ ስፋቱ በ2 በመቶ ሲቀንስ የሚያልፈው ቤንዚን በ4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከ100 ወደ 90 በአንድ ጊዜ መዝለል ድፍረት ሳይሆን ግድየለሽነት ነው።

ሽቦና ያልገጠመ ካቻቪቴ

ራሳቸው ለሚፈቱት፦ የተደፈነ ጄት በሽቦ አይወጋም። የሚኒሞው ጄት ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ናስ ለስላሳ ነው፤ አንድ ጊዜ በብረት ሽቦ የተወጋ ጄት ቁጥሩ ላዩ ላይ ይቅር እንጂ ልኩ ጠፍቷል። በቤንዚን ወይም በካርቡሬተር ማጽጃ ነክሮ በንፋስ መንፋት ነው። ንፋሱ ጎሚስታ ቤት ይገኛል፤ ተንሳፋፊውና የጎማው ሽፋን ሳይወጡ ግን አይነፋም።

የጃፓን ሞተሮች የመስቀል ብሎኖች ከተለመደው የመስቀል ካቻቪቴ ጫፍ ጋር በትክክል አይገጥሙም። በኃይል ሲሞከር አናታቸው ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከጄት ቅየራው በብዙ ይከብዳል። ጄቱን ሲመልሱም በእጅ ጣት ኃይል ያህል ይበቃል፤ አንገቱ የተቆረጠ ጄት ካርቡሬተሩ ውስጥ ሲቀር ያኔ ራሱ ጋራዥ መሄድ ግድ ይሆናል፣ በእጥፍ ክፍያ።

ለመካኒኩ የሚከፈለው ለምን እንደሆነ አለማወቅ

«አራት ብሎን ለመፍታት ይህን ያህል ብር?» የሚል ሰው ሒሳቡን የያዘው በተሳሳተ ጫፍ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ ካርቡሬተር ማውረድ በእርግጥ ከባድ አይደለም። ለመካኒክ የሚከፈለው ለመፍታቱ ሳይሆን ለመሳቢያው ነው። ከብዙ ሞተሮች የወጡ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ጄቶች በመሳቢያው ውስጥ አሉት፤ አንዱን አስገብቶ ካልሆነ ሌላውን ይሞክራል። እርስዎ ግን ትክክለኛውን አንድ ለማግኘት ሦስት ወይም አራት ጄት ይገዛሉ፤ የቀሩት ቤት ይቀመጣሉ። ለአንድ ጊዜ ሥራ ከሆነ በዚህ ስሌት ጋራዡ ይረክሳል። በየጊዜው ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) የሚቀይር፣ ከቦታ ቦታ የሚዛወር፣ ወይም በቤቱ ሁለትና ሦስት ተመሳሳይ ሞተር ያለው ሰው ግን ጄቶቹን ገዝቶ ራሱ ቢማር ያዋጣዋል።

እንጀራዎ በሞተሩ ከሆነ ሌላ ሒሳብ ይጨምሩ። ራስዎ ፈትተው ባይሳካ ሞተሩ የሚቆምበት ቀን ገቢ የለውም። ሁለትና ከዚያ በላይ ካርቡሬተር ያላቸውን ሞተሮች በተመለከተ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ እርስ በርስ በመለኪያ መመጣጠን ስላለባቸው መለኪያው ላለው ይሰጡ። በተቃራኒው ደግሞ አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ከነጭራሹ ካርቡሬተር የላቸውም፤ ነዳጅ የሚረጩት በኤሌክትሮኒክ ነው። ለእነዚህ ጄት ልቀይር ማለት የሌለ ዕቃ መፈለግ ነው።

መካከለኛ መንገድም አለ፤ እኔ ለጀማሪ የምመርጠውም ይህን ነው። የመጀመሪያውን ከፍለው ያሠሩ፣ ግን አጠገቡ ቆመው ይዩ። አብዛኞቹ መካኒኮች የሚያይ ደንበኛ አይጠሉም፤ የሚጠሉት እጁን የሚያስገባውን ነው።

ለመካኒኩ መድኃኒቱን መንገር

ጋራዥ ደርሶ «ጋሼ፣ ጄቱን ቀይርልኝ» ያለ ሰው ጄት ይቀየርለታል። በሽታው ሌላ ቢሆን መካኒኩ ምን ዕዳ አለበት? የታዘዘውን ሠርቷል። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ስወጣ፣ ሰው ጭኜ እጀታውን ስሞላው ጥቁር ጭስ ታወጣለች። ከተማ ውስጥ ደህና ናት። ማጣሪያው አዲስ ነው፣ ካንዴላው ይኸውና።» ይህን የሰማ ባለሙያ የቱን እንደሚከፍት ወዲያው ያውቃል።

ጥሩው መካኒክ ራሱ ይጠይቃል፤ የት ነው የምትነዳው፣ ምን ትጭናለህ፣ ማርሚታው የራሷ ነው ወይ ይላል። ካንዴላውን ሳያይ አይጀምርም። ሳይጠይቅ ካቻቪቴ አንሥቶ ማስተካከያዋን ብሎን እየጠመዘዘ በጆሮው ብቻ የሚያዳምጠውን አመስግነው ይሂዱ። ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ይነጋገሩ፦ የወጣው ጄት ለእርስዎ እንደሚመለስ፣ ዳገቱ ላይ ተሞክሮ ካልተስተካከለ ያለ አዲስ ክፍያ እንደሚታይ። የወጣውና የገባው ጄት ቁጥር ደረሰኙ ላይ ወይም በወረቀት ይጻፍ። ሞተሩን ነገ ሌላ ሰው ቢገዛው ወይም ሌላ መካኒክ ቢይዘው ያ ወረቀት ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል።

ቆሞ እያለ መፈተን

ጋራዥ በር ላይ በማቆሚያው ተደግፎ ሁለት ጊዜ «ቭር» የተደረገ ሞተር አልተፈተነም። ጭነት የሌለበት ሞተር ዋናው ጄት ጥሩ ይሁን መጥፎ አይናገርም። ፈተናው ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በየቀኑ የሚጭኑትን ያህል ጭኖ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው አቀበት ለዚህ የሚመች ነው፤ ሆኖም የጭነት መኪና የሚበዛበት ስለሆነ ኩርባ ላይና መኪና ከኋላ እየተከተለ አይሞከርም፣ ቀጥ ያለና ዳር መውጫ ያለው ቦታ ይመረጣል። አዲስ ወይም የጸዳ ካንዴላ ይገባል። በከፍተኛ እጀታ ጥቂት ከተወጣ በኋላ ፍሪሲዮን ተይዞ፣ ሞተሩ በዚያው ጠፍቶ፣ ዳር ተወጥቶ ካንዴላው ይፈታል። በሚኒሞ እየነዱ ቤት ደርሶ የተፈታ ካንዴላ የሚያሳየው የሚኒሞውን ውሕደት ነው።

ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። እንደ ፈዘዘ ቡና ከሆነ ይተዉት። ከነጣ፣ በተለይም ጫፉ ላይ የፈላ ዓይነት ነጠብጣብ ካለው፣ ቤንዚን አንሷል፤ ወደ ትልቁ ጄት ይመለሱ፣ እስኪመለሱም እጀታውን አይሙሉ። እጀታ ሲለቀቅ በማርሚታው የሚሰማ ተኩስ የቤንዚን ማነስ ወይም የማርሚታው ማያያዣ አየር ማስገባት ሊሆን ስለሚችል፣ ጄት ከመንካት በፊት ማያያዣው ይጠብቅ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ጄቱም መርፌዋም ብሎኗም በአንድ ከሰዓት ከተነኩ የትኛው እንደረዳ የትኛው እንደጎዳ መለየት አይቻልም። የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ብርድ ላይ ለመነሣት ማስቸገር ብቻውን የጄት ምልክት አይደለም፤ ቾኩን ስቦ ጥቂት ማሞቅ በቂ ነው።